አምስት ቀን በፍሪጅ ውስጥ

እ.ኤ.አ. 1949 ሊገባደድ ነው። ቤልጂየም፣ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክርስቲያን ደ ዱቭና ባልደረቦቻቸው የአይጥ ጉበት ይፈጩ ነበር። ሐሳባቸው ኢንሱሊን በጉበት ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። ዓይናቸው ከስኳር ጋር በተያያዘ አንድ ኢንዛይም ላይ ቢሆንም፣ እግረ መንገዳቸውን አሲድ ፎስፋቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይምም ይለኩ ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው።

ጉበቱ በኃይለኛ መፍጫ ሲደቅ ኢንዛይሙ እንደ ልብ ይሠራል። የሕዋሱ ክፍሎች እንዳይጎዱ ቀስ ተብሎ ሲፈጭ ግን ከሚጠበቀው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ታየ። ዘጠኝ እጁ የት ገባ?

የተፈጨውን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክረው ለያዩት፤ እያንዳንዱን ክፍል ለክተው ደመሩ። አሁንም ጎደለ። የልኬት ስህተት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጡትን እነዚያኑ ናሙናዎች ከአምስት ቀን በኋላ አውጥተው እንደገና ለኩ።

የጠፋው ኢንዛይም ተመልሶ መጥቷል!

ፍሪጅ ኢንዛይም አይወልድም። እንግዲያው ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር፤ አንድ ነገር ጋርዶት ነበር ማለት ነው። ቡድኑ ኢንሱሊንን ትቶ ይህን ተከተለ። ናሙናውን በረዶ እያደረጉ አቀለጡት፤ በተጣራ ውኃ አሳበጡት። በእያንዳንዱ ሙከራ ኢንዛይሙ ፈልቆ ወጣ። እንደ ሰይፍ ሰገባ የሸፈነው ስስ ከረጢት ነበረ፤ አምስቱ ቀናት ያንን ከረጢት አዳክመውታል።

ግን ሕዋስ ኢንዛይሙን ለምን ይሸሽጋል? እስከ 1955 ድረስ እዚያው ከረጢት ውስጥ ሌሎች አራት ኢንዛይሞች ተገኙ። ሁሉም አሲድ ባለበት የሚሠሩ፣ የሕዋስን አካል የሚያፈርሱ ናቸው። ልቅ ቢሆኑ ባለቤታቸውን በበሉት ነበር። ደ ዱቭ ከረጢቱን ከግሪክኛ ወስደው «ላይሶሶም» አሉት፤ የሚያሟሟ አካል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ያየው ሰው አልነበረም፤ መኖሩ የታወቀው በስሌት ብቻ ነው። ከአሜሪካ የመጡት አሌክስ ኖቪኮፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ስሌቱ የተናገረው ከረጢት ተገኘ።

በ1974 ደ ዱቭ ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ከዚያ አስቀድሞ ግን «ላይሶሶም» የሚለው ቃል ወደ ሐኪሞች ተሻግሮ ነበር። በ1963 ባልደረባቸው ሄንሪ-ጄሪ ኸርስ፣ የሕፃናትን ልብና ጡንቻ የሚያደክመው የፖምፔ በሽታ መነሻው ከላይሶሶም ኢንዛይሞች የአንዱ መጉደል መሆኑን አሳዩ። ያንን ጉድለት የሚተካ መድኃኒት በ2006 ጸደቀ።