ባለቀለበቱ ሰንጢ

ኦፒኔል ቁጥር 8 የፈረንሳይ ሰንጢ ነው። ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ እጀታው እንጨት ነው፣ ኪስ ውስጥ ሲገባ መኖሩ ይረሳል፣ በአውሮፓ ሱቆችም ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ20 ዩሮ አያልፍም። ልግዛው ወይስ ልተወው ለሚል ሰው ዋናው ነገር በዚህ ማለቅ ነበረበት። ግን የሚያወድሱትም የሚያጣጥሉትም ሰዎች ዋናውን ነገር ሲስቱት ስለምሰማ ትንሽ ልዘርዝር።

የሚያወድሱት መቼም የሚጀምሩት ከታሪኩ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890፣ በፈረንሳይ አልፕስ ውስጥ ሳቯ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በአባቱ የእርሻ መሣሪያ መቀጥቀጫ ውስጥ ሰንጢ መሥራት ጀመረ። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ 12 በየመጠኑ አወጣው። በኋላ ቁጥር 1 እና ቁጥር 11 ቀሩ፤ ሌሎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ቁጥሩ ሴንቲሜትር የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ የ12 ቁጥሩ ስለት በርግጥ 12 ሴንቲሜትር ነው፣ የ8ቱ ግን 8 አይደለም። ስለቱ ላይ የምታዩት ዘውድ የደፋ እጅ ከ1909 ጀምሮ ያለ ምልክት ነው። ዘውዱ የሳቯ መሳፍንት ነው። እጁ ደግሞ እኛ ዘመን መለወጫን በስሙ የምንጠራው የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ነው፤ የጣቶቹ ዐፅም ይገኝበታል የሚባለው ካቴድራል ኦፒኔል ከተወለደበት መንደር ብዙም አይርቅም። ሦስት ጣት ቀጥ ብሎ፣ ሁለቱ ታጥፎ ይታያል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሽንኩርት ግን በታሪክ አይከተፍም።

ቀለበቱ ከታሪኩ ይልቅ ቁም ነገር አለው። በመጀመሪያዎቹ ስድሳ አምስት ዓመታት ውስጥ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነበር። በ1955 የዦዜፍ ልጅ ማርሴል ከእጀታው አንገት ላይ የሚዞር፣ ጎኑ የተከፈተ የብረት ቀለበት ጨመረበት። ስለቱን ከፍታችሁ ቀለበቱን በጣት ስታዞሩት ክፍተቱ ይሸሻል፣ የቀለበቱም ብረት የስለቱን መመለሻ ይዘጋል። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ሲታጠፍም ይቆልፋል፣ ኪስ ውስጥ በራሱ አይከፈትም። ሞላ የለውም፣ የሚነቀል ምላስ የለውም፣ ውስጡ የሚሰበር ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ታጥቆ ቀለበቱን ሳያዞር ሲቆርጥ ሳይ ጣቱን ለዕጣ ያቀረበ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ማዞር ነው፤ ምን ይከብዳል? ቀለበት ያለው ከቁጥር 6 ጀምሮ መሆኑን ግን እወቁ፤ ትንንሾቹ የላቸውም።

ወደ ዝገቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የኦፒኔል ስለት በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። ኢኖክስ የሚል የተጻፈበት የማይዝገው ነው፤ ከመቶ ከአሥር እጅ በላይ ክሮሚየም ስላለበት ውሃና ጨው በቀላሉ አይደፍሩትም። ካርቦን የሚል የተጻፈበት ደግሞ ከመቶው 0.9 ገደማ ካርቦን ይዟል፣ ከዝገት የሚያስጥል ክሮሚየም ግን የለውም። ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ኢኖክሱን ያነሣል። ለምን ሲሉት፣ «አይዝግም፣ ስለዚህ ጥሩ ብረት ነው» ይላል። ይቺ «ስለዚህ» ናት የምታናድደኝ። አለመዛግ ከክሮሚየም ይመጣል። መቁረጥ ግን ብረቱ ምን ያህል እንደጠነከረ፣ ጠርዙ እንዴት እንደተሳለና ስለቱ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚወስነው ነገር ነው። ሳህን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ዓመት ሙሉ ገብቶ ወጥቶ የሚያብረቀርቅ፣ ቲማቲም ላይ ግን ቆዳውን ብቻ የሚጨፈልቅ ቢላ በየቤታችን ሞልቶ የለም እንዴ?

የሚገርመው ይህን የማያውቅ አገር ሰዎች አለመሆናችን ነው። ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ቆርጦ የሠራው ካራ ያለበት ጓዳ ስንት ነው? ጥቁር ነው፣ እጀታው ቅባት ጠጥቷል፣ እንግዳ ፊት አይቀርብም። በግ ሲታረድ ግን «ያንን ካራ አምጪው» የሚባለው እሱ ነው፤ በሣጥን ታሽጎ በስጦታ የመጣው አብረቅራቂ መሳቢያው ውስጥ ይተኛል። ባሌስትራ ካርቦን የጠገበ ብረት ነው፤ ከካርቦኑ ኦፒኔል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ያን ካራ በጥቁረቱ ምክንያት «ተበላሽቷል» ብላ የጣለች እናት አላውቅም። ከፈረንሳይ በ20 ዩሮ የመጣው ሲጠቁር ግን እንደ ነቀርሳ እንደነግጣለን።

በብረት ላይ የሚታይ ቀለም ሁሉ አንድ አይደለም። ቀዩ ዝገት ክፉ ነው፤ ልቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ብረት አይሸፍነውም፣ እየቦረቦረ ይገባል፣ ጠርዙንም ይበላል። ግራጫው፣ ሰማያዊ የሚመስለውና ጥቁሩ ግን ብረቱን የያዘ ስስ ሽፋን ነው፤ ቀዩ እንዳይነሣ ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም ያዘገየዋል። አዲስ ካርቦን ስለት ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ሲነካ በደቂቃዎች ውስጥ ይዥጎረጎራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተላጠው ብርቱካን ትንሽ ብረት ብረት ሊል ይችላል፤ ሽፋኑ እየተስተካከለ ሲሄድ ይህም ይቀንሳል። አንዳንዱ በዚህ ሰዓት ደንግጦ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ያነሣና እስኪያበራ ይፈገፍገዋል። በማግስቱ ሎሚ ይቆርጥበታል፣ ይጠቁራል፣ ይፈገፍገዋል። ሰንጢውን ወደ መጀመሪያው ቀን እየመለሰው መሆኑን አያውቅም። ተውት። የቸኮለ ሰው ስለቱን በአቼቶ በራሰ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጠቅልሎ፣ አጥቦና አድርቆ ሽፋኑን በአንድ ከሰዓት ማምጣት ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅባችሁ ከቆረጣችሁ በኋላ መጥረግና እርጥቡን አለማጠፍ ብቻ ነው። ቀይ ነጥብ ካያችሁ ያንን ቦታ ብቻ በአመድና በጨርቅ አሹት።

ለእውነቱ ካልቀረ፣ ኢኖክሱም መጥፎ ብረት አይደለም። ከስዊድን የተገኘ ጨዋ የቢላ ብረት ነው፤ ዳቦና አይብ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትቆርጡ ልዩነቱን የምታውቁ አይመስለኝም። ካርቦኑን እንድመርጥ የሚያደርገኝ የመሳል ቀን ነው። የስኒ ቂጥ ላይ ያለውን፣ ቀለም ያልተቀባውን ሻካራ ክብ ታውቁታላችሁ። ስኒውን ገልብጣችሁ፣ ስለቱን ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ሳቡት፤ ግራና ቀኙን እኩል። ካርቦኑ በጥቂት ሳብ ሳብ ይመለስላችኋል። ኢኖክሱም ይመለሳል፣ ግን ያስለምናል።

ብቻ እባካችሁ በየሰፈሩ በሚዞር የመሳያ መንኮራኩር አታስነኩት። ያ የእሳት ፍንጣሪ ለዓይን ያምራል፤ ስስ ስለት ግን በዚያ ግለት ጥንካሬውን ያጣል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ከታየ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ለስልሷል ማለት ነው፤ ዛሬ ይላጫል፣ ነገ ይዶለዱማል። ለባሌስትራው ካራ ብዙም ችግር ላይሆን ይችላል፤ ውፍረት አለው። ኦፒኔሉ ጀርባው እንኳ 2 ሚሊሜትር አይሞላም።

ይህ ስስነት ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚስቱት ነገር ነው። ወፍራም ሰንጢ ወንዳወንድ ይመስላል። ካሮት ላይ ስታሳርፉት ግን እንደ መጥረቢያ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ኦፒኔል ከጀርባው እስከ ጠርዙ እየሳሳ ስለሚወርድ ጥሬ ሥጋ፣ ማንጎ፣ በለስ ውስጥ ሳይገፋ ይገባል። የዚህም ዋጋ አለው፤ ቆርቆሮ ለመክፈት፣ የጠርሙስ ክዳን ለመፈልቀቅ፣ ብሎን ለማዞር አልተሠራም። ጫፉን ሰብሮ «የማይረባ ዕቃ» የሚል ሰው መፍቻ መግዛት ሲገባው ሰንጢ የገዛ ሰው ነው። እንዲህ ላለው የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ አለለት፤ መክፈቻም መፍቻም አለው፣ ቁርጥ ላይ ግን ኦፒኔልን አያክልም።

ቁርጥን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ሥጋ ቤት ያለው ወዳጄ ሲሞክረው የሰጠው ፍርድ ልክ ነበር። ስለቱን ወደደው፣ እጀታውን ጠላው። ክብ ነው፣ ለጣት መከልከያ የለውም፣ ጮማ የነካ እጅ ላይ ይንሸራተታል። ስለቱ የሚታጠፍበት ስንጥቅ ውስጥም ስብ ይገባና ማጽዳቱ በሽታ ነው። ሥጋ ከቆረጣችሁበት ከፍታችሁ በቀጭን እንጨት ጠርጉት፤ ዝንጉ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ሽታው ያስታውሰዋል።

እጀታው አብዛኛውን ጊዜ ቢች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ይሠራል፤ የወይራ እንጨት የተደረገበትም አለ። ቢች ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ ስለቱን ጨምድዶ ይይዛል። አክስቴ ካዋስኳት በኋላ ሌሊቱን ከሳህን ጋር ዘፍዝፋው አደረች። ጠዋት ደወለችልኝ፤ «ልጄ፣ ይሄ ቢላህ ተኝቶብኛል፣ ቢጠሩት ቢጠሩት አይነሣም።» የሳቯ ገበሬ በጥፍሩ አይታገልም። ቀለበቱን ወደ ክፍቱ ያዞርና የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ስለቱ ብቅ ይላል። ፊቷ ሳደርገው «ምን አስነካኸው?» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ሳያስፈልግም ትመታዋለች።

ዘይት ቀቡት ስል ደግሞ የኑግ ዘይት የሚያንጠባጥብበት አለ። መታጠፊያው ውስጥ አታድርጉት። ኑግ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ሰንጢውም ይጣበቃል። ለመታጠፊያው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ይበቃል። ለእንጨቱ ግን ያው መድረቅ ጥቅም ስለሆነ የተልባ ዘይት ግሩም ነው፤ ሲደርቅ ቀዳዳውን ይደፍንለታል። ፋብሪካው የቀባውን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት አንሥታችሁ ተልባ ብታጠጡት የእብጠቱ ነገር በጣም ይቀላል።

እንግዲህ ይገዛል? ወጥ ቤት ወይም ሽርሽር ላይ ለሚቆርጥ፣ ከቆረጠም በኋላ ለሚጠርግ ሰው ካርቦኑ ይገዛል። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር፣ ወይም ራሱን አውቆ «እኔ አልጠርግም» ለሚል ኢኖክሱ። ለልጅ ጫፉ ክብ የሆነ ቁጥር 7 አለ። እንግሊዝ አገር ላላችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ ያለ ምክንያት ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የማይቆልፍና ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ብቻ ነው፤ ቁጥር 8 በሁለቱም ይወድቃል። ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ለኪስ ቀለበት የሌለውን ባለ 6 ሴንቲሜትሩን ቁጥር 5 ያዙ። ሰንጢ የያዘ ሁሉ ዱርዬ ነው የሚለው የእኛ አገር ጥርጣሬም ፖሊስ ዘንድ እንደማይጠፋ አትርሱ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ቁጥር 8 ከሚጫነው ሻንጣ ሌላ ቦታ የለውም።

ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የቀረበላችሁን ይዛችሁ አትውጡ። እንጨት ስለሆነ አንዱ ከአንዱ ይለያል። ሦስት አራቱን ክፈቱ፤ አንዳንዱ ገና ከፋብሪካው ጥብቅ ነው፣ የአንዳንዱ ስለት ሲታጠፍ ወደ ጎን ያዘነብላል። ቀለበቱን ከፍታችሁም አጥፋችሁም አዙሩት፤ ሳይፈተግ ግን ሳይላላም መዞር አለበት። ሻጩ ቢነጫነጭ ይነጫነጭ።