ምዕራፍ 5፦ የወረቀት ፍርፍር

ባለፈው ምዕራፍ ስለ መሣሪያዎች ተነጋግረናል፤ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ኮላና የማንኪያ ጀርባ ይበቃሉ ብለናል። አሁን ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን አውጡት። ያንን «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» እያላችሁ የምትወረውሩበትን፦ የስጦታ መጠቅለያ ጫፍ፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ የሻይ ቅጠል ፓኮ፣ የባንክና የመብራት ደብዳቤ የመጣበት ፖስታ። ፖስታውን ቅደዱና ውስጡን ተመልከቱ። ላዩ ነጭ ነው፤ ውስጡ ግን ደብዳቤው ከውጭ እንዳይነበብ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ጥልፍልፍ ታትሞበታል። ቶሮንቶ ውስጥ በየወሩ በነጻ ቤት ድረስ የሚመጣ፣ ከዚህ የሚያምር ወረቀት አላውቅም። ሰው ሁሉ ሳያየው ሰማያዊው የመልሶ መጠቀሚያ ቢን ውስጥ ይከተዋል።

የካርድ አሠራር እናስተምራለን የሚሉ ቪዲዮዎች የሚያናድዱኝ እዚህ ላይ ነው። «በትርፍ ወረቀት የሚሠራ ካርድ» ብለው ይጀምሩና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መቁረጫ ማሽን ግዙ፣ ባለ ቀለም የወረቀት ጥራዝ ግዙ ይላሉ። አዲስ ወረቀት ገዝቶ የቆራረጠ ሰው የተቆራረጠ አዲስ ወረቀት እንጂ ብጣሽ የለውም። ብጣሽ የሚባለው ቀድሞ ሌላ ሥራ የነበረው ነው። ቅርጹንም መጠኑንም እናንተ አልመረጣችሁትም። ካርዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው፦ መጀመሪያ ንድፍ አውጥቶ የሚስማማ ብጣሽ መፈለግ ሳይሆን ብጣሹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ምን ሊሆን እንደሚችል ማየት።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ በፍርፍር ነው የማስረዳው። ፍርፍር ካደረ እንጀራ ይሠራል፤ ግን ማንም «የተረፈ ምግብ» ብሎ አይጠራውም። ራሱን የቻለ ምግብ ነው፤ ጾም ሲሆን የጾም፣ ፍስክ ሲሆን የፍስክ ወግ አለው። ለፍርፍር እንጀራው በእጅ ይቆረሳል እንጂ በቢላ አይከተፍም፤ ወረቀትም በእጅ ሲቀደድ ጠርዙ ይሳሳል፣ ነጭ ክር ያወጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። ቁሌቱ ከእንጀራው ይቀድማል፤ በካርድም የመደቡ ቀለም ቀድሞ ይወሰናል። መረቅ የበዛበት ፍርፍር ይላቁጣል፤ ኮላ የበዛበት ወረቀት ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ቅቤው በመጨረሻ ነው የሚገባው፣ እሱም በልክ፤ ከከረሜላ መጠቅለያ የተገኘች አንዲት የምታብረቀርቅ ብጣሽ ትበቃለች። ፍርፍር ደግሞ የሚቀርበው በሌላ እንጀራ ላይ ነው፤ ብጣሹም የሚያርፈው ከራሱ ወገን በሆነ ሙሉ ወረቀት ላይ ነው። በርበሬውስ? በርበሬው ቀይ ነው፤ ቀይ ከካርዱ አንድ አምስተኛ ካለፈ ዓይን ያቃጥላል። ሚጥሚጣውን፣ ቃሪያውንና የሽንኩርቱን አከታተፍ ሁሉ በየተራ ማዛመድ እችላለሁ፤ ሽንኩርት ደቆ ሲከተፍ እንደሚጠፋ ሁሉ ከጥፍር ያነሰ ብጣሽም ካርድ ላይ ይጠፋል።

አሁን ማንም በወጉ ወደማያስረዳው ነገር። ወረቀት አቅጣጫ አለው። ፋብሪካ ውስጥ ውሃማው ልቁጥ በሚሮጥ ወንፊት ላይ ሲፈስ ቀጫጭኖቹ የእንጨት ክሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሩጫው አቅጣጫ ይተኛሉ። እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል፦ በክሩ ከመታችሁት ይሰነጠቃል፣ አግድም ከመታችሁት መጥረቢያውን ይዞ ይቀራል። ወረቀትም በክሩ ሲታጠፍ እንደ ምላጭ ቀጥ ይላል፤ አግድም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ቀለም ያለበት ከሆነ ነጭ ቁስል ያወጣል። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳትሰብሩ ቀስ አድርጋችሁ በሁለቱም በኩል አጉብጡት፤ በቀላሉ በሚጎብጥበት በኩል የእጥፋቱ መስመር የክሩ መስመር ነው።

እዚህ አገር የሚሸጠው 8½ በ11 ኢንች ወረቀት በአብዛኛው ክሩ በረጅሙ ጎኑ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅሙን ጎን አጋምሳችሁ ብትቆርጡና እያንዳንዱን 8½ በ5½ ግማሽ እንደ መጽሐፍ ብታጥፉት እጥፋቱ ከክሩ ጋር ይሄዳል። 4¼ በ5½ ኢንች ካርድ፣ ከአንድ ወረቀት ሁለት። በቁመቱ ቀጭን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ እንደ ድንኳን ከላይ ካጠፋችሁት ግን ያው መጠን ይወጣና እጥፋቱ ክሩን ይሻገራል። አንድ ክረምት ለአንድ ማኅበር 40 ካርድ በዚህ በሁለተኛው መንገድ አጥፌ፣ በጥቁር ሰማያዊ ወረቀት፣ ሁሉም ጀርባቸው ላይ ነጭ ስንጥቅ አወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ እንደገና ሠራኋቸው። የተከተልኩት መጽሐፍ ስለ ክር አንድ ቃል አልነበረውም።

ስለ መጠንም እንዲሁ። የአውሮፓ አስተማሪዎች «ኤ6» ይላሉ፤ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እዚህ የሱቅ መደርደሪያ ላይ ለካርድ የሚሸጠው ፖስታ «ኤ2» ይባላል፤ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ኤ2 የግድግዳ ማስታወቂያ የሚያህል ወረቀት ነው፣ እዚህ ግን 111 በ146 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ፖስታ ናት። የ148ቱ ካርድ በ2 ሚሊ ሜትር ይተርፋትና አይገባም። በሁለት ሚሊ ሜትር ስንት ሰው ተስፋ ቆርጦ መቀሱን እንዳስቀመጠ አይቻለሁ።

ጋዜጣ የሚያረጀው ለምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ብዙ ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። መልሱ ቅርብ ነው የሚጀምረው፦ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ ወደ ዶን ሸለቆ ብትወርዱ ቶድሞርደን ሚልስ አለ፤ በ1820ዎቹ ጆን ኢስትዉድና ኮሊን ስኪነር የወረቀት ወፍጮ ያቆሙበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት አልነበረም፣ ከቡትቶ ነበር፦ ያለቀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ አንሶላ። ከብጣሽ ካርድ መሥራት እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ፤ ወረቀቱ ራሱ የብጣሽ ልጅ ነበር። በ1844 ቻርልስ ፌነርቲ የሚባል የኖቫ ስኮሺያ ሰው ከእንጨት የሠራውን ወረቀት ናሙና አያይዞ ለሃሊፋክስ ጋዜጣ ጻፈ፤ በኋላ ዓለም ሁሉ ወደ እንጨት ዞረ። እንጨት ግን ሊግኒን አለው። ተፈጭቶ ብቻ በተሠራ ወረቀት ውስጥ፣ በጋዜጣ ማለት ነው፣ ሊግኒኑ አብሮ ይቀራል፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ጋዜጣ ለካርድ መልካም ነው፣ ተቀባዩ ለሃያ ዓመት እንዲያስቀምጠው ካልፈለጋችሁ። የሱቅ ደረሰኝ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የተቀባው ሙቀት ሲነካው እንዲጠቁር ነው፣ ማሞቂያ አጠገብ የቆመ ካርድ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት ትችላላችሁ።

ሌላም የምከራከርበት ነገር አለ። የካርድ ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች በ1843 ለንደን ላይ ይጀምራሉ፤ ሄንሪ ኮል ሠዓሊውን ሆርስሊን አሥሎ ያሳተመው የገና ካርድ፣ አንዱ በ1 ሽልንግ። እሱ የታተመ ካርድ ታሪክ ነው። በእጅ ለተሠራ ካርድ እኛ የራሳችን ታሪክ አለን፦ የእንቁጣጣሽ ሥዕል። ሴት ልጆቹ እንግጫና አደይ ይዘው እየዘፈኑ ሲዞሩ ወንዶቹ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ላይ ፀሐይ፣ አበባ፣ መልአክ ሥለው በየደጁ ይሰጣሉ፤ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይቀበላሉ። ወረቀት አለው፣ ሥዕል አለው፣ ዓመት ጠብቆ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ካርድ ካልሆነ ምንድን ነው? «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሲገጥመኝ እከራከራለሁ፣ አልለቅም። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሥዕል ይዞ የሚዞር ልጅ ሳይ ደግሞ አዝናለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ካርድ ብጣሽ ስትመርጡ የዘመኑን ወንጌላዊ አስቡ። ማቴዎስ ገጸ ሰብእ፣ ማርቆስ ገጸ አንበሳ፣ ሉቃስ ገጸ ላህም፣ ዮሐንስ ገጸ ንስር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው፤ የአንበሳ ጎፈር ከቡናማ የገበያ ከረጢት እየተቀደደ ሲለጠፍ እንዴት እንደሚያምር! ለላህሙ የሻይ ፓኮ፣ ለንስሩ የፖስታው ግራጫ ጥልፍልፍ። ለአደይ ቢጫ የማስታወቂያ ወረቀት ሞልቷል፤ ቀለሙን ማመሳከር ከፈለጋችሁ መስከረም ላይ ዶን ሸለቆ ዳር ቢጫ የዱር አበባ አይጠፋም።

ከዚያ ጽሑፉ። የታተመ ካርድ ማን እንደሚቀበለው አያውቅም፤ ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ያልፋል፣ ወይም «መልካም አዲስ ዓመት» ይላል፣ እሱም ከፈረንጅ የተቀዳ ይመስለኛል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ለወንድም «አደረሰህ»፣ ለእህት «አደረሰሽ»፣ ለቄሱ «አደረሰዎ»። አንድ እዚሁ የተወለደ ልጅ አዲስ አበባ ላለች አያቱ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ጻፈ። ሊያግዙ የመጡ አንዲት እናት አጠገቡ ተቀመጡና፣ «የኔ ልጅ፣ አያትህን አንቺ ነው የምትላት እርስዎ?» አሉት። ልጁ አሰበ። በስልክ ምን እንደሚላት አስታወሰ። «አንቺ» አለ። «እንግዲያው ሽ ጻፍላት» አሉት። «ህ»ን የሚሸፍን ብጣሽ አልነበረውም፤ ከቢጫው ወረቀት ትንሽ አበባ ቀደደ፣ ፊደሉ ላይ ለጠፈ፣ አበባው ላይ «ሽ» ጻፈ። በዚያ ቀን ከተሠሩት ሁሉ ያማረው ካርድ እሱ ነው።

በካናዳ ፖስታ የምትልኩ ከሆነ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ፣ ክብደቱም ከ30 ግራም፤ ካለፈ ዋጋው ይጨምራል። በብጣሽ ላይ ብጣሽ ስትደራርቡ 5 ሚሊ ሜትር ቶሎ ይሞላል። ለአዲስ አበባ ደግሞ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ጠይቃችሁ ያዙ። እኔ ግን አብዛኛውን ለሚሄድ ሰው ነው የምሰጠው፣ ሐምሌ ላይ። እንዳይታጠፍ መጽሐፍ መሐል አስገብቼ፣ መጽሐፉን ከልብሱ ሥር። የልጁም ካርድ እንደዚያው ሄደ፤ ሰውየው ሲመለስ ከአያቱ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ይዞለት መጣ።