የከፋ ደንና የነገ ዛፎቹ

ከቦንጋ ወጥቶ ወደ ከፋ ጫካ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ቀረሮውና ዋንዛው ተቃቅፈው ሰማዩን ሲጋርዱበት፣ ከሥራቸውም ማንም ያልተከለው ቡና ሲያፈራ ባየ ጊዜ፣ ይህ ፍጥረት የሰው እጅ ያልነካው ይመስለዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ቡናውን፣ ኮረሪማውን፣ ጥምዙንና ማሩን ከዚሁ ሲያገኝ፣ ጫካውንም «ኮቦ» በሚባለው ሥርዓት እየወሰነ ከአባት ለልጅ ሲያወርስ ኖሯል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ ልማድ በሕግ ፊት ሥልጣኑን አጣ፤ ጠባቂነቱም ለመንግሥት ዘበኞች ተላለፈ፤ እነርሱም ለስፋቱ አልበቁም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ የቀበሌው ሰው በማኅበር ሆኖ በውል እንዲጠብቅና እንዲጠቀም በመፍቀዱ፣ ለእኔ የኮቦ ትንሣኤ ይመስለኛል።

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከፋን ከያዩ ደን ጋር በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። አከፋፈሉም እንደ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ነው፤ በውጭው ይታረሳል፣ በመካከሉ ይለቀማል፣ ወደ ውስጡ ግን ገጀራ አይገባም።

ክርክር የሚነሣው በሚለቀምበት በመካከለኛው ክፍል ነው። ቡና ለቃሚው ከመልቀሙ በፊት የቡናውን ሥር ይመነጥራል፤ ገጀራውም ከአረሙ ጋር የቀረሮውን ቡቃያ አብሮ ይቀላል፤ ብርሃን ሲገባም ፍሬው ስለሚበዛ፣ ጥላውን ደግሞ ያሳሳል። ታላላቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ደኑ ደኅና ነው ይባላል፤ ያረጁት ሲወድቁ ግን ወራሽ የላቸውም። የማር ጠባይ ሌላ ነው፤ ንብ የምትቀስመው ገተማ፣ ቀፎም የሚሰቀልበት ረጅም ዛፍ ከተቆረጠ ማሩ አብሮ ይቀራልና፣ ማር ቆራጩ ማንም ሳያዝዘው የዛፍ ጠበቃ ይሆናል። ሁለቱን ምርት «ዘላቂ ጥቅም» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ የሚያልፍ ሪፖርት ሁሉ፣ ጸሐፊው ከመኪናው እንዳልወረደ ያሳብቅበታል።

እንግዲያው በደኑ መጠቀም ሁሉ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ ቡናው የተከለከለ ገበሬ ግን ለጫካው ምን ይራራለታል? በቆሎ ይዘራበታል። ቡናው ሲጠፋ የሚጎድለውም የከፋ ሰው ብቻ አይደለም፤ በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙት ዘሮች ተመርጠው የተገኙት ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ አገር ቡና ነበር።

እንግዲህ የማኅበራቱ ውል ሲታደስ የቆመው ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከጉልበት በታች ያለው ቡቃያም ይቆጠር፤ ለቃሚው በሚመነጥርበት ጊዜ የቀረሮና የዝግባ ችግኝ በችካል እየለየ ይተው፤ በጥላው ምክንያት የሚቀንስበትንም ፍሬ የቡናው ገዥ በዋጋው ላይ ጨምሮ ይክፈለው።