እነዚህ «ጁክ» አይደሉም፦ በረሮን በቤት ውስጥ ስለ ማርባት

የማስተርስ ትምህርቴን የጀመርኩ ሰሞን አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይዤ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። እናቴ ምሳ እያቀረበች ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «በረሮ» አልኳት። የቀለድኩ መሰላት። ክዳኑን ከፈት አድርጌ ሳሳያት ግን ማንኪያዋን ጥላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ሰው ጁክ በገንዘቡ ገዝቶ ቤት ያስገባል? ይሄን ሁሉ ዓመት መድኃኒት ስንረጭ የኖርነው ለዚህ ነው?» አለች።

ንዴቷ ይገባኛል። ብዙዎቻችን ያደግነው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። እንግዳ ቡና እየጠጣ ሳለ አንድ በረሮ ግድግዳው ላይ ብቅ ካለ እናቶቻችን ምን ዓይነት ሀፍረት እንደሚሰማቸው ታውቃላችሁ። ቤታቸው የቱንም ያህል ቢጸዳ ያቺ አንዲት በረሮ ስም ታጠፋለች። ሳጥኔ ውስጥ ያሉት ግን እናቴ የምታውቃቸው አይደሉም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ፣ እናቴም በየት በኩል ትክክል እንደነበረች ልንገራችሁ።

ሁሉም በረሮ አንድ አይደለም

እስካሁን ስም የወጣላቸው የበረሮ ዝርያዎች ከ4,500 በላይ ናቸው። ከነዚህ ከሰው ጋር መኖር የለመዱት 30 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ እውነተኛ ችግር የሚፈጥሩት ደግሞ በጣት ይቆጠራሉ። የቀሩት አብዛኞቹ ጫካ ውስጥ የወደቀ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት እየበሉ አፈር ያዳብራሉ።

ስማቸውም ያሳስታል። በበጋ ከፍሳሽ ጉድጓድ የሚወጣው ትልቁ በረሮ «የአሜሪካ በረሮ» ይባል እንጂ መነሻው አፍሪካ ነው፤ አሜሪካ የገባው በመርከብ ነው። ኩሽና የሚወደው ትንሹ «የጀርመን በረሮ»ም ከጀርመን አልመጣም። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ከዛሬ 2,100 ዓመት ገደማ በፊት ደቡብ እስያ ውስጥ ከእስያ በረሮ እንደተለየ አሳይቷል። በዕብራይስጥ «ጁክ» የምንለው ቃል ራሱ በሩሲያኛ ጥንዚዛ ማለት ነው፤ ትክክለኛው የዕብራይስጥ ስም «ቲካን» ነው። ወላጆቻችን ከአገር ቤት በደንብ የሚያውቁት ምስጥም በሳይንስ ምደባ የበረሮ ዘመድ ነው ብላችሁ ብትነግሯቸው አያምኗችሁም፤ እውነት ግን ነው።

ሰዎች የሚያረቡት የትኛውን ነው?

ሁለቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ዱቢያ ነው። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ወንዱ ሙሉ ክንፍ ቢኖረውም እምብዛም አይበርም፤ የሴቷ ክንፍ ደግሞ ቁራጭ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም መስታወት ላይ መውጣት አይችሉም። ብዙ ሰው የሚያረባቸው ለቤት እንሽላሊት ምግብ ነው፤ እኔ ግን ልመለከታቸው ነው የያዝኳቸው።

ሁለተኛው እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው የማዳጋስካር በረሮ ነው። ክንፍ የለውም። ሲነኩት ወይም ሁለት ወንዶች ሲጣሉ «እስስስ» ይላል። ድምፁ ከአፉ አይደለም የሚወጣው፤ ሆዱ ላይ ባሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች አየር በኃይል ሲገፋ ነው። ይኼኛው መስታወት መውጣት ስለሚችል አርቢዎች የሳጥኑን የላይኛ ጠርዝ ቫዝሊን ይቀቡታል።

ሳጥኑ እንዴት ይዘጋጃል?

ለዱቢያ ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ረዘም ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ክዳኑን ቀዳችሁ ቀዳዳውን በብረት ወንፊት ትሸፍኑታላችሁ። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን ቀጥ አድርጋችሁ ታቆማላችሁ፤ ካርቶኑ ከተጋደመ ፍጉ ላዩ ላይ ይከማቻል፣ ከቆመ ግን ወደ ታች ይወርዳል።

ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሲያገኙ በደንብ ይራባሉ፤ ከ24 በታች ሲሆን መራባቱ ሊቆም ይቃረባል። ስለዚህ በክረምት ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ በአንድ በኩል ብቻ ታደርጋላችሁ፣ የሞቃቸው ወደ ሌላው ጥግ እንዲሸሹ።

ምግባቸው ካሮት፣ ብርቱካን፣ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ ነው። ሻጋታ ከማውጣቱ በፊት የተረፈውን አንሱ። ውሃ በሰሃን አታስቀምጡ፤ ትንንሾቹ ይሰምጣሉ። የውሻ ምግብ ብቻ መስጠትም ስሕተት ነው። በረሮ የተረፈውን ፕሮቲን በዩሪክ አሲድ መልክ ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሲበዛም ይጎዳዋል።

ሲወልዱ ማየት

የዱቢያ እናት እንቁላሏን የትም ጥላ አትሄድም። የእንቁላሉን ከረጢት ከኋላዋ ታወጣና መልሳ ወደ ሆዷ ታስገባዋለች፤ ሲፈለፈል ከ20 እስከ 30 ልጆች በሕይወት ትወልዳለች። ከረጢቱ ወጥቶ ሳየው መጀመሪያ የታመመች መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ቅርፊቷን የጣለች በረሮም እንደ ወተት ነጭ ሆና ትታያለች፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠንክራ ወደ ቀለሟ ትመለሳለች።

ለአንድ ወንድ ከ3 እስከ 5 ሴት በቂ ነው። ልጆቹ ለአካለ መጠን የሚደርሱት ሙቀት ካላቸው ከ4 እስከ 6 ወር ነው። እስከዚያ መታገሥ ነው።

እናቴ ትክክል የነበረችበት

ሳጥኑን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከታናሽ ወንድሜ ጋር በምንጋራው ክፍል ውስጥ ነበር። ወንድሜ አስም አለበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀመረ። ምክንያቱ በረሮዎቹ መሆናቸውን ማረጋገጥ አልችልም። ግን ማሰብ የነበረብኝ ቀድሜ ነው። የበረሮ ፍግና የጣለው ቅርፊት ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፤ አቧራው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ደግሞ አለርጂና አስም እንደሚቀሰቅሱ የታወቀ ነው። የቤትም ይሁን የጫካ ዝርያ፣ ንጹሕም ይሁን ቆሻሻ፣ በዚህ ልዩነት የለም። ለዓመታት ያረቡ ሰዎችም አለርጂ የሚጀምራቸው አሉ።

ሳጥኑን በማግስቱ ወደ ተማሪ መኖሪያዬ ወሰድኩት። አሁን ሳጸዳ ማስክና ጓንት አደርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ አትጀምሩት።

ሁለተኛው ኃላፊነት አለመልቀቅ ነው። ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ያመለጠ ዱቢያ ክረምቱን አይችለውም። የእኛ የባሕር ዳርቻ ግን ሞቃትና እርጥብ ነው፤ «አይኖሩም» ብሎ መወራረድ አይገባም። የሰለቻችሁ ለሌላ አርቢ ይስጥ፣ ካልሆነም ፍሪዘር ውስጥ ያስገባቸው። ሕያው ነፍሳትን ከውጭ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ክልክል ነው፤ አገር ውስጥ ካለ አርቢ ውሰዱ።

ቀፎና ሳጥን

እናቴ «በእኛ ዘር ትል የሚያረባ ሰው አልነበረም» ስትል፣ «የአያቴ የንብ ቀፎስ?» አልኳት። ጎንደር ሳሉ ከጓሯቸው ቀፎ አይጠፋም ነበር። «ንብ ሌላ ነው» አለች፣ «ማር ይሰጣል። ይሄ ምን ይሰጣል?»

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ከሳጥኑ የጠረግኩትን ፍግ ከአፈር ቀላቅዬ በረንዳዋ ላይ ላለው ጤና አዳም ሰጠሁት፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ቅጠሉ ሲያምርላት ምን እንዳደረግኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ትንሽ አየችውና፣ «ፍጉን አምጪ» አለችኝ፤ «እነሱ ግን እዚያው ይቆዩ።»