የካርቶን ድንችና የስሙ ነገር



ድንች ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው እንግዳ አይደለም። በጾም አልጫ ይሠራበታል፤ ተቀቅሎም በሚጥሚጣ ይበላል። ቤት ተከራይቶ ለሚማር ዕጩ መምህርማ ዋና ባለውለታው ነው። ዳሩ ግን ወደ አገራችን የገባው ሩቅ በማይባል ጊዜ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንዳስገባው ይነገራል።

በአሜሪካ ደግሞ ድንች በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ምን ዐይነት ነገር ነው ቢሉ፣ በስሱ ተቆራርጦ የደረቀ ድንች ነው፤ አብሮትም በትንሽ ከረጢት የወተት፣ የአይብና የቅመም ዱቄት አለ። የፈላ ውኃ ተጨምሮበት ምድጃ ውስጥ ይበስላል፤ መላጥ የለ፣ መክተፍ የለ! ምሥጢሩ ቀላል ነው። ከድንች ክብደት ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ውኃ ነው። ውኃው ሲወጣ ድንቹ ይቀላል፤ ሻጋታም ስለማያገኘው ለወራት ይቀመጣል።

ታዲያ ሐሳቡ የፋብሪካ ፈጠራ እንዳይመስለን። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ገበሬዎች ድንቹን ሌሊት በውርጭ፣ ቀን በፀሐይ እያደረጉ፣ በእግራቸውም ረግጠው ውኃውን እያወጡ «ቹኞ» የሚባል ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የእኛስ ድርቆሽ፣ ቋንጣና በሶ ከዚህ በምን ይለያሉ?

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። የእኛ ምግብ ስሙን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከሥራው ነው። ድርቆሽ «ደረቀ»፣ ቅቅል «ቀቀለ»፣ ፍትፍት «ፈተፈተ» ከሚሉት ግሦች የወጡ ናቸው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «ግራተን»ም እንዲሁ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ፋቀ» ከሚለው ግሥ መጥቶ ከድስት ተፍቆ የሚነሣውን ቅርፊት ያመለክታል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተዘጋጀው የሕፃናት ምግብ «ፋፋ» የተባለውም ልጅ ይፋፋበታል ተብሎ ነው።

ስም ሁሉ ግን እውነቱን አይናገርም። ከእነዚህ ካርቶኖች በብዙዎቹ ላይ ስሟ የሚታየው ቤቲ ክሮከር በሕይወት ኖራ አታውቅም፤ በ1921 እ.ኤ.አ. አንድ የዱቄት ኩባንያ ለደንበኞች ደብዳቤ መልስ መፈረሚያ የፈጠራት ስም ናት። ስኳር ድንችም ድንች ይባል እንጂ የድንች የቅርብ ዘመድ አይደለም። የወላይታ ድንች የበሶብላና የጦስኝ ወገን ነው። የእኛ ድንች የሥጋ ዘመዶች ቲማቲምና በርበሬ ናቸው ቢባል ስንቱ ያምናል?

እንግዲህ ይህ ለመምህር ጥሩ የትምህርት መሣሪያ ነው። ተማሪዎች ከእናቶቻቸው የምግብ ስሞችን ጠይቀው እንዲመጡና የስሞቹን ግሥ እንዲያወጡ ብናደርግ የአማርኛው ክፍለ ጊዜ ሕይወት ያገኛል። በሳይንሱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከሱቅ የታሸገ ምግብ ይዘን ገብተን፣ ከፊቱ ስሙን፣ ከጀርባው ውስጡ ያለውንና የሚያበቃበትን ቀን እናስነብባቸው። የፊቱን ብቻ አንብቦ የሚገዛ ልጅ ይታለላል፤ ገልብጦ የሚያነብ ግን ለራሱም ለቤተሰቡም ይተርፋል።