ዓይን ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ሲሆን

በዓይናችን ውስጥ ውሃ አለ። መውጫው ሲደፈን ዓይን ይወጠራል፤ ነርቩም ይጎዳል። ይህ በሽታ ግላኮማ ይባላል። ሐኪም በኦፕራሲዮን ለውሃው አዲስ መውጫ ይከፍታል።

ታዲያ መውጫው አንዳንዴ በጠባሳ ይደፈናል። ማጭድ እጃችንን ሲቆርጠን ቁስሉ ቶሎ ቢገጥም ደስ ይለናል። እዚህ ግን ቶሎ መግጠሙ ነው ጉዳቱ!

ያን ጊዜ አንዳንድ ሰው፣ «አንዴ ተሞክሮ አልሆነም፤ ዕድሌ ነው» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሐኪሙ ጠባሳ የሚያዘገይ መድኃኒት ጨምሮ እንደገና ሊከፍተው ይችላል። ወይም ቀጭን ቱቦ ያስገባል።

የጠፋው ብርሃን ግን አይመለስም። ሞራ እንደመገፈፍ አይደለም። ይህን ሳይሰሙ ገብተው፣ «ምነው አላይም?» የሚሉ አሉ፤ ያሳዝናል። ኦፕራሲዮኑ የቀረውን ብርሃን ለማቆየት ነው። ከዚያም በኋላ ዓይኑ ባያምም እንኳ ግፊቱ በየቀጠሮው ይለካል።