ቄጤማን ከረግረግ አንሥቶ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለ ማጽደቅ

በቀዳም ስዑር ጠዋት ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት ቄጤማ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። ርግብ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችበትን ለምለም ቅጠል እያሰብን በራሳችን ላይ እናስረዋለን፤ ለበዓሉም ቤታችንን እንጎዘጉዝበታለን። ቄጤማውን ፈልጎ፣ አጭዶና ተሸክሞ የማምጣቱ ድካም ግን በዲያቆናትና በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ላይ የወደቀ ነው።

እኔ በዲቁና በማገለግልበት ደብር ቀድሞ ይህ ድካም ቀላል ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሳይሞላ፣ ሰፊ ረግረግ ነበረ። ዛሬ ረግረጉ በቦይ ተጠንፍፎ ታርሷል፤ ዳርቻውም በባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለበዓሉ ቄጤማ ፍለጋ ማልደን ወጥተን ያገኘነው ሁለት ሸክም ብቻ ሲሆን ግማሹም ቢጫ ነበር። የጎደለውን ከገበያ ገዛን፤ እሱም አልበቃም። በማግሥቱ አንድ አረጋዊ ካህን እያንዳንዱን ዘለላ ለሁለት እየሰነጠቁ ሲያድሉ አየሁ። በዚያው ሳምንት የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር «ይህ ተክል በግቢያችን የማይበቅለው ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የልማት ሠራተኛ ነኝና ብዙ ሳላስብ «ይበቅላል» አልኳቸው። በነሐሴ ተከልነው፤ በጥር አንድም አልቀረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ይህንንም ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥፋት በሌላ ደብር እንዳይደገም ነው።

ስሕተቱ በአተካከሉ ላይ አልነበረም፤ ቦታውን በመረጥንበት ወር ላይ ነበር። በነሐሴ የግቢው መሬት ሁሉ ረግረግ ይመስላል። ቄጤማ የሚፈለግበት ቀን ግን ከክረምት እጅግ የራቀ ነው። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ስለዚህ ቀዳም ስዑር በብዙው የሀገራችን ደጋና ወይና ደጋ ምድር የሚውለው ምድር ለወራት ስትደርቅ ቆይታ፣ የበልግ ዝናብም ገና በሚያጠራጥርበት ጊዜ ነው። እኛ ከተክሉ የምንሻው ልምላሜውን ለመጠበቅ በሚከብደው ወር ለምለም ሆኖ እንዲገኝ ነው። እንግዲህ ቦታው መመረጥ ያለበት በመጋቢት ሲሆን ተከላው የሚከናወነው በሰኔ ነው። በመጋቢት ረግጣችሁት ዱካችሁ ውኃ የሚቋጥርበት፣ ወይም አንድ ስንዝር ቢቆፈር ጭቃ የሚወጣበት ስፍራ ካለ ቦታችሁ እርሱ ነው።

እንዲህ ያለ ስፍራ በግቢው ከሌለ ሁለተኛው አማራጭ የሚተርፍ ውኃ ያለበትን መፈለግ ነው፤ ለምሳሌ ከቦኖው ሥር የሚፈስሰውን ወይም ከውኃ ማጠራቀሚያ ሞልቶ የሚወርደውን። የጠበል ፍሳሽን በተመለከተ የፕሮጀክት ባለሙያ የሚወስነው ነገር የለም፤ እግር የማይረግጠው ስፍራ ሊሆን ስለሚችል የደብሩ አስተዳዳሪና ካህናቱ ይምከሩበት። ከመጸዳጃ ቤት የሚወርድ ፍሳሽ ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ይህ ተክል በምእመናን ራስ ላይ የሚታሰር ነው።

የውኃውን ልክ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። በደረቅ ወራት ከአንድ ካሬ ሜትር እርጥብ መሬት በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ወደ አየር ይተንናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ መደብ ቢኖረን በቀን 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ተኩል ጀሪካን መሆኑ ነው፤ ወደ ታች የሚሰርገው ሳይቆጠር። ይህን በሰው ጀርባ ለስድስት ወር እናመላልሳለን የሚል ኮሚቴ ካለ ትጋቱን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን እስከ ጥምቀት እንኳ ሲዘልቅ አላየሁም። ስለሆነም የመደቡ ስፋት በሚተርፈው ውኃ ልክ ይሁን። ወደ ታች የሚሰርገውን ለመቀነስ መደቡን ሁለት ስንዝር ያህል አጥልቆ መቆፈር፣ ከሥሩ እርጥብ ዋልካ አንጥፎ በእግር አጥብቆ መርገጥ፣ ከዚያም የተቆፈረውን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅሎ መመለስ ይጠቅማል። የሚፈለገው ጭቃ እንጂ ኩሬ አይደለም፤ የቆመ ውኃ የወባ ትንኝ ሊራባበት ይችላል።

ተክሉን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ቄጤማ ሣር ቢመስልም ከሣር ወገን አይደለም፤ ታንኳ ከሚሠራበት የጣና ደንገል ጋር የአንድ ወገን ዘመድ ነው። የሣር አገዳ ክብ ሲሆን አንጓ አለው፤ የቄጤማን አገዳ በጣት ቢያሽከረክሩት ግን ሦስት ጠርዝ ይታወቃል፤ አንጓም አይገኝበትም። ከዘመዶቹ መካከል ለእርሻ ክፉ አረም የሚሆኑ ስላሉ ከመንቀል በፊት አንዱን ቆፍሮ ሥሩን መመልከት ይገባል። በክር እንደተሰካ መቁጠሪያ ትናንሽ ድንቡልቡል ኮረቶች ተያይዘው ከተገኙ ያን ወደ ግቢ አታስገቡት፤ አንድ ጊዜ ከገባ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ወደ ምንጩ ስፍራ ስንሄድ የባለ ይዞታውን ወይም የቀበሌውን ፈቃድ እንጠይቅ። ከአንድ ቦታ ጠራርጎ መንቀል አይገባም፤ ከየጉብታው ሲሶውን ወስዶ ሁለቱን እጅ መተውና ጉድጓዱን መልሶ መድፈን ተገቢ ነው። ከምንጭ ዓይን አጠገብ ያለው ደግሞ ባይነካ ይሻላል፤ አፈሩን የያዘው የእርሱ ሥር ነውና። የራሳችንን ግቢ ለማልማት የሌላውን ረግረግ ካደረቅን የሠራነው ልማት ምን ሊባል ነው?

የጉብታው መካከል አብዛኛውን ጊዜ ያረጀና የደረቀ ነው። ለተከላ የሚሻለው ዳር ዳሩ ያለው፣ ነጫጭ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው ክፍል ነው። ቄጤማ ከአፈር ሥር አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አለው፤ አዲሱ ቡቃያ ከእርሱ ስለሚወጣ ቅጠሉን ብቻ ጎትቶ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። በዶማ ወይም በአካፋ ዙሪያውን ቆርጦ፣ ሦስት እስከ አምስት ቡቃያ ያለውን ቁራጭ ከነጭቃው ማንሣት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የሚያሠጋው ነው። ሥሩ በተቆረጠ ሰዓት ውኃ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ ቅጠሉ ግን ውኃ ማስወጣቱን አይተውም። ተክሉ የሚሞተው በዚህ አለመመጣጠን ነው። ስለዚህ እንደተነቀለ ቅጠሉን አንድ ስንዝር አስቀርቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። ለምለሙን ቅጠል መቁረጥ ለብዙዎች ይከብዳቸዋል፤ በእኛም ደብር ወጣቶቹ «አባቶች ይቆጡናል» ብለው ሳይቆርጡ ያመጡት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። ሥሩን በራሰ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከፀሐይ ጋርዶ፣ በዚያው ዕለት መትከል ይገባል። ማለዳ ነቅሎ ሠርክ ላይ መትከል፣ ከተቻለም ደመና ያለበትን ቀን መምረጥ መልካም ነው።

ስንተክል ቀድሞ በነበረበት ጥልቀት እንዲቀመጥ እናድርግ። በቀደመው አገዳ ላይ የጭቃው ምልክት እስከ የት እንደነበረ ይታያል። ከዚያ አጥልቆ መቅበር ቡቃያውን ያሳፍናል። በአንዱና በሌላው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቆ፣ ዙሪያው በእግር ተጠቅጥቆ፣ ወዲያው ውኃ ይጠጣ። ከተከላ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት አፈሩ ለአንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም፤ ዝናብ ካቋረጠ የተረኛ ስም ተጽፎ ይለጠፍ። ከብትና አህያ እንዳይገቡ አጥሩም አስቀድሞ ይጠናቀቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቄጤማ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ የሚኖረው በአገዳው ውስጥ ባሉ ባዶ መተላለፊያዎች አየር ወደ ሥሩ ስለሚወርድለት ነው። የተቆረጠው ጉቶ በውኃ ከተሸፈነ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ሥሩም ይበሰብሳል። ስለዚህ በኃይለኛ ክረምት ውኃው ከጉቶው በላይ እንዳይቆም ትንሽ ማፋሰሻ ሊኖር ይገባል። ውኃ ወዳድ ነው ተብሎ ውኃ ውስጥ መስጠም የለበትም።

በእኛ ደብር ሁለተኛው ተከላ የተደረገው ከቦኖው በታች ባለች ጠባብ ስፍራ ነው። ቦታዋ መጀመሪያ ለአበባ ታስባ ስለነበር በጉባኤው ጥቂት ክርክር አስነሥታ ነበር። ከተከልነው አብዛኛው ጸድቋል፤ በተከታዩ ቀዳም ስዑር ግን ለቅኔ ማሕሌቱ ያህል እንጂ ለምእመናኑ ሁሉ አልበቃም፤ የቀረውን እንደ ልማዳችን ገዛን። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ መጠበቅ አይገባም። ተክሉ ገና ካልተስፋፋ ማጨዱን ለሚቀጥለው ፋሲካ ማቆየት ይሻላል።

ሲታጨድም በማጭድ፣ ከመሬት አራት ጣት አስቀርቶ ነው፤ በእጅ መንቀል ግንዱን አብሮ ያወጣዋል። ሲሶው ሳይታጨድ ይቅር፤ እርሱ ሥሩን ሲመግብ የታጨደው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። ከበዓሉ ማግሥት ሰው ሁሉ በደስታ ሲበተን መደቡ እንዳይረሳ የውኃ ተረኛው አስቀድሞ ይወሰን፤ በግንቦት ዝናብ ካልመጣ ያ ሳምንት ለታጨደው ጉቶ ከባድ ነው። በዚህ ዓመት ለመጀመር ያሰባችሁ ኮሚቴዎች በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዶማ ይዛችሁ ግቢውን አንድ ጊዜ ዙሩና እርጥብ ሆኖ ያገኛችሁትን ስፍራ በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፤ በሰኔ ሁሉም ቦታ እርጥብ ሲሆን ድንጋዩ ይመራችኋል።